አንድ ስም፣ ሁለት መኪና፦ የተሽከርካሪ ደህንነት ደረጃዎች ልዩነት እና የወለጋ መንገዶች

በነቀምቴ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለከተማው ነዋሪዎች የቀረበ የሕዝብ ንግግር ጽሑፍ። ከንግግሩ በኋላ ከተነሡት ጥያቄዎች ሁለቱ በመጨረሻ ተካትተዋል።



በአገራችን ስለ ትራፊክ አደጋ ሲነሣ ንግግሩ አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ነገሮች ላይ ያርፋል፤ በአሽከርካሪው ጠባይ፣ በመንገዱ ሁኔታና በእግረኛው ጥንቃቄ ማነስ። ሦስቱም እውነተኛ ምክንያቶች ናቸው። አራተኛው፣ ማለትም መኪናው ራሱ፣ ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ከተነሣም «የቴክኒክ ጉድለት» በሚለው አጭር ሐረግ ይታለፋል። ያ ሐረግ ስለ ተበላሸ ፍሬን ወይም ስለ ፈነዳ ጎማ ይናገራል እንጂ መኪናው ሲሠራ ሳይገባለት ስለ ቀረው ነገር አይናገርም። የዛሬው ንግግሬ ሳይገባ ስለ ቀረው ነገር ነው።

የማስረዳው ነጥብ አንድ ነው። የመኪና ደህንነት በስሙ፣ በአዲስነቱ ወይም በዋጋው ብቻ አይታወቅም። በአመዛኙ የሚወስነው መኪናው የተሠራለት አገር ሕግ ከአምራቹ የጠየቀው ነገር ነው። ሕግ ዝም ባለበት ገበያ አምራቹ ወጪ ይቀንሳል፤ ገዢው የተቀነሰውን የሚያውቀው በግጭቱ ዕለት ነው።

ከአንድ ኩባንያ የወጡ ሁለት ፒክአፖች

በተጨባጭ ማስረጃ ልጀምር። ግሎባል ኤንካፕ በመባል የሚታወቀውና በብሪታንያ የሚገኘው የመኪና ግጭት ፈተና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ሁለት የኒሳን ፒክአፖችን እርስ በርስ አጋጨ። አንዱ ለአፍሪካ ገበያ የቀረበው አዲሱ የ2019 ሥሪት ኤንፒ300 ሃርድቦዲ ነበር። ሁለተኛው በአውሮፓ የተሸጠ የ2015 ሥሪት ያገለገለ ናቫራ ነበር። በሁለቱም ውስጥ የሰውን አካል የሚወክሉ የፈተና አሻንጉሊቶች ተቀምጠው ነበር። በአዲሱ መኪና ውስጥ የነበረው አሽከርካሪ ሰው ቢሆን ኖሮ በሕይወት መትረፉ እጅግ አጠራጣሪ እንደነበር፣ ባገለገለው መኪና ውስጥ የነበረው ግን በራሱ እግር ወርዶ ሊሄድ ይችል እንደነበር ፈተናው አሳየ።

ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ያው ሃርድቦዲ ለብቻው ተፈትኖ ዜሮ ኮከብ አግኝቷል። ሁለት ኤርባግ ነበረው። በሚሸጥበት አገር ሕግ የተፈቀደ መኪና ነበር፤ አምራቹ የጣሰው ሕግ አልነበረም። ስለዚህ ጉዳዩን የአንድ ኩባንያ ክፋት አድርጎ መተረክ አይበቃም። ያው ኩባንያ ለአንዱ አህጉር የሚያተርፍ፣ ለሌላው የማያተርፍ መኪና የሚሠራበት ሥርዓት ነው መመርመር ያለበት።

ኤርባግ እያለ ለምን ዜሮ?

ይህን ለመረዳት ጥቂት ፊዚክስ ያስፈልገናል። በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በሰከንድ 17.8 ሜትር ያህል ይሄዳል። ድርጅቱ የፊት ለፊት ፈተናውን የሚያደርገው በዚህ ፍጥነት ነው። በዚያች ቅጽበት መኪናው የያዘው ጉልበት ከ16 ሜትር ከፍታ ቢወድቅ ከሚኖረው ጋር እኩል ነው። ይህ ከፍታ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ያህላል ማለት ይቻላል። ጉልበቱ የግድ የሆነ ቦታ መጥፋት አለበት፤ ወይ በብረቱ ውስጥ ወይ በሰውየው አካል ውስጥ።

ተሳፋሪው በ60 ሴንቲ ሜትር ርቀት ውስጥ ቀስ እያለ ቢቆም በአካሉ ላይ የሚያርፈው አማካይ ኃይል የክብደቱ 27 እጥፍ ያህል ይሆናል። በ10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ቢቆም ግን 160 እጥፍ ይደርሳል። የመጀመሪያውን ቀበቶ የታሰረ ሰው ሊቋቋመው ይችላል፤ ሁለተኛውን አይችለውም። ለመኪና ደህንነት የሚደረገው የምህንድስና ሥራ በአብዛኛው በእነዚህ ሁለት ርቀቶች መካከል የሚካሄድ ትግል ነው። የመኪናው አፍንጫ ተጨማድዶ ርቀት ይሰጣል። ሰው የተቀመጠበት ክፍል ግን ሳይጨማደድ ይጸናል። ቀበቶው ሰውየውን ከመቀመጫው ጋር አስሮ የአፍንጫውን መጨማደድ ጥቅም ያካፍለዋል። ኤርባጉ የመጨረሻውን ምት ያለሰልሳል።

እንግዲህ ኤርባግ የሰንሰለቱ የመጨረሻ ቀለበት ነው። የተሳፋሪው ክፍል ራሱ ከፈረሰና መሪው ወደ ደረት ከተገፋ ኤርባጉ ብቻውን አያድንም። የሃርድቦዲው ችግርም ይኸው ነበር፤ የተሳፋሪው ክፍል መዋቅር ግጭቱን አልቻለም። ጠንካራውን የብረት ዓይነት መምረጥ፣ ምሰሶውን ማወፈርና የብየዳ ነጥቦችን መጨመር ከኤርባግ ይልቅ ከገዢ ዓይን የተሰወሩ ናቸው። ወጪ ለመቀነስ የሚመቹትም ለዚህ ነው።

ሕጎቹ ለምን ይለያያሉ?

በዓለም ላይ ሁለት ዋና ዋና የሕግ ቤተሰቦች አሉ። አንደኛው በተባበሩት መንግሥታት ሥር እ.ኤ.አ. በ1958 የተፈረመው ስምምነት ነው። በዚህ ሥርዓት መኪና ከመሸጡ በፊት በተፈቀደለት አካል ይፈተናል፤ አንዱ አባል አገር የሰጠውን ማረጋገጫ ሌላው ይቀበላል። ሁለተኛው የአሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ከወጣው ሕግ ጀምሮ አምራቹ ራሱ «ደረጃውን አሟልቻለሁ» ብሎ ያረጋግጣል፤ መንግሥት ከገበያ መኪና ገዝቶ ይፈትናል፤ ሐሰት ከተገኘ ይቀጣል።

ልዩነቱ በአሠራር ብቻ አይወሰንም። የአሜሪካ ደረጃ ቀበቶ ያላሰረ ሰውንም ጭምር ታሳቢ ያደርጋል፤ የአውሮፓው ቀበቶ መታሰሩን ይዞ ይነሣል። በሌላ በኩል አውሮፓ የመኪናው አፍንጫ እግረኛን ሲመታ የሚያደርሰውን ጉዳት ከ2005 ጀምሮ በአስገዳጅ ሕግ ስትለካ አሜሪካ ይህን ለረጅም ጊዜ አላስገደደችም። እያንዳንዱ ደረጃ የየአገሩን መንገድና የየአገሩን ሟች ያንጸባርቃል። ከሟቾቹ መካከል ብዙዎቹ እግረኞች የሆኑበት እንደ እኛ ያለ አገር ከሌሎች የሚዋሰው ደረጃ የትኛው እንደሆነ ግድ ሊሰጠው ይገባል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለሁሉም አገሮች ቅድሚያ ይሰጣቸው ያላቸው የተሽከርካሪ ደረጃዎች ስምንት ናቸው። እነሱም የፊት ለፊት ግጭት፣ የጎን ግጭት፣ መኪናው መንሸራተት ሲጀምር ወደ መስመሩ የሚመልሰው የመረጋጋት መቆጣጠሪያ፣ የእግረኛ ጥበቃ፣ የደህንነት ቀበቶ፣ የቀበቶው ማሰሪያ ጥንካሬ፣ የሕፃናት መቀመጫ እና የሞተር ሳይክል ኤቢኤስ ፍሬን ናቸው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት ሰባቱን ወይም ስምንቱንም የሚያስፈጽሙት 40 አገሮች ብቻ ነበሩ፤ 124 አገሮች አንዱን ብቻ ወይም ምንም አያስፈጽሙም ነበር። በዚያው ሪፖርት በአፍሪካ ከ100,000 ሰው 26.6፣ በአውሮፓ ደግሞ 9.3 ሰው በዓመት በመንገድ አደጋ እንደሚሞት ተገምቷል። ልዩነቱን ሁሉ መኪናው ፈጠረው አልልም፤ የሕክምናው ርቀትም፣ መንገዱም ድርሻ አላቸው። መኪናው ግን ከድርሻው ነጻ አይደለም።

የቁጠባ ሒሳብ

አምራች ወጪ ሲቀንስ እንዴት እንደሚያስብ በጽሑፍ የተገኘ ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 የፎርድ ባለሙያዎች መኪና ሲገለበጥ ነዳጅ እንዳይፈስ ስለሚከላከል ማሻሻያ ሒሳብ ሠሩ። ወጪው በአንድ ተሽከርካሪ 11 ዶላር፣ በ12.5 ሚሊዮን ተሽከርካሪዎች 137 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ጥቅሙ 180 ሞት፣ 180 ከባድ ቃጠሎና 2,100 የተቃጠለ መኪና ማስቀረት ሲሆን በገንዘብ 49.5 ሚሊዮን ዶላር ተባለ። የአንድ ሰው ሞት የተተመነው በ200,000 ዶላር ነው፤ ተመኑን ያወጣው የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤት ራሱ ነበር። ሰነዱ ብዙ ጊዜ ፒንቶ ከተባለችው መኪና የኋላ ግጭት ጋር ብቻ ተያይዞ ይተረካል፤ በእውነቱ የተዘጋጀው መንግሥት ሊያወጣው ያሰበውን ደንብ ለመከራከር ነው። ለእኛ የሚጠቅመው ትምህርትም እዚህ ላይ ነው። ሒሳቡ የተሠራው ደንብ ሊወጣ ስለሆነ ነበር። የሚወጣ ደንብ በሌለበት አገር እንዲህ ያለ ክርክር አይነሣም፤ 11 ዶላሩ ያለ አንዳች ጥያቄ ይቀራል።

የሕንድ ታሪክ ይህንኑ በሌላ ገጽ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2014 ግሎባል ኤንካፕ አምስት ታዋቂ መኪኖችን በመነሻ ሥሪታቸው ፈተነ። ታታ ናኖ፣ ማሩቲ ሱዙኪ አልቶ 800፣ ፎርድ ፊጎ፣ ሃዩንዳይ አይ10 እና ፎልክስዋገን ፖሎ ሁሉም ዜሮ አገኙ። ፎልክስዋገን ያለ ኤርባግ የሚሸጠውን ፖሎ ከሕንድ ገበያ አነሣ፤ ሁለት ኤርባግ ያለው ፖሎ አራት ኮከብ አገኘ። ከ2017 ጀምሮም ሕንድ የግጭት ፈተናን በአዳዲስ ሞዴሎች ላይ አስገዳጅ አደረገች። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች በብዛት የምናየው የሱዙኪ ዲዛየር አዲሱ ትውልድ እ.ኤ.አ. በ2024 አምስት ኮከብ አገኘ። በእነዚህ አሥር ዓመታት ውስጥ የብረት ሳይንስ በድንገት አልተፈጠረም፤ የተለወጠው የሕጉና የሕዝቡ ጥያቄ ነው።

ገበያው ብቻውን ይህን ለምን አያስተካክልም? ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ዝነኛ ጥናት ያገለገሉ መኪኖችን ምሳሌ አድርጎ አስረድቶታል። ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው በማያውቅበት ገበያ ጥሩው ዕቃ ዋጋውን ስለማያገኝ ከገበያ ይወጣል፤ መጥፎው ይቀራል። የመኪና ደህንነት የዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። ቀለሙን፣ ወንበሩንና የሬዲዮውን ድምፅ ሁሉም ይመረምራል። የምሶሶውን ብረት ግን ማንም ከፍቶ አያይም።

ወደ እኛ መንገዶች

አሁን ወደ አገራችን ልምጣ። እኛ ዘንድ የሚደርስ መኪና ደህንነቱ በሦስት ደረጃዎች ሊቀነስ ይችላል።

የመጀመሪያው በፋብሪካ ነው፤ እስካሁን የተናገርሁት ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው በጉዞ ላይ ነው። ቪትዝን እንውሰድ። ቶዮታ ቪትዝ የሚለው ስም እ.ኤ.አ. እስከ 2020 ድረስ የጃፓን የአገር ውስጥ ገበያ ስም ነበር፤ ያው መኪና በሌላ አገር ያሪስ ይባል ነበር። በጃፓን መሪው በቀኝ ነው። ስለዚህ ለጃፓን ተሠርቶ ዛሬ በእኛ መንገድ መሪው በግራ ሆኖ የሚሄድ ቪትዝ ሁሉ በመካከሉ ተፈትቶ እንደገና ተገጥሟል። መሪው ሲዛወር ዳሽቦርዱ፣ የፍሬን ፔዳሉና የኤርባጉ ቦታ አብረው ይነካሉ። ፋብሪካው የፈተነው ያንን መኪና አይደለም። በዚህ ላይ የጥሪ ጉዳይ አለ። ታካታ የተባለው ኩባንያ የሠራቸው ኤርባጎች በሙቀትና በእርጥበት ተበላሽተው ሲፈነዱ የብረት ስባሪ ስለሚረጩ በዓለም ዙሪያ ከ100 ሚሊዮን በላይ እንዲለወጡ ተጠርተዋል። የጥሪው ደብዳቤ የሚላከው መኪናው ወደ ተመዘገበበት አገር ነው። መኪናው ባሕር ሲሻገር ደብዳቤው አይከተለውም።

ሦስተኛው እዚሁ አገር ውስጥ ነው። ከነቀምቴ መናኸሪያ ወደ ጊምቢ፣ ወደ ነጆ፣ ወደ ሻምቡ ወይም ወደ በደሌ ተሳፍሮ የማያውቅ በዚህ አዳራሽ የለም። ከተሳፈርንባቸው መካከል «ቅጥቅጥ» የምንለው መለስተኛ አውቶቡስ አለ። ስሙ አሠራሩን በትክክል ይገልጻል፤ በጭነት መኪና ቻሲስ ላይ አካሉ በአገር ውስጥ ተቀጥቅጦ የተሠራ ነው። ሞተሩና ፍሬኑ የፋብሪካ ናቸው። ጣሪያው፣ ምሶሶውና ወንበሩ ግን በፋብሪካው ፈተና አልተሸፈኑም። የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 66 አውቶቡስ ሲገለበጥ ጣሪያው በተሳፋሪው ላይ እንዳይደረመስ የሚጠይቅ ነው። ደንብ ቁጥር 14 ደግሞ የቀበቶ ማሰሪያ ሳይነቀል ሊሸከም የሚገባውን ኃይል ይወስናል። ለዕቃ መጫኛነት ተሠርቶ በኋላ ወንበር የተገጠመለት ሚኒባስም ተመሳሳይ ጥያቄ ያስነሣል። ወለሉ የታሰበው ለጆንያ ነው፤ በግጭት ጊዜ የሰው ክብደት ብዙ እጥፍ ሆኖ ሲጎትተው ብሎኑ ይይዛል ወይ?

ጥያቄው የንድፈ ሐሳብ ጥያቄ አይደለም። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካላት ነቀምቴ ተነሥቶ ወደ ዴዴሳ ሸለቆ የሚወርድ፣ ከዚያም ወደ ጊምቢ የሚወጣ መኪና ፍሬኑም፣ ሚዛኑም፣ አካሉም በአንድ ጉዞ ይፈተናሉ። ጣሪያው ላይ ጭነት ሲታከል የክብደቱ ማዕከል ከፍ ይላል፤ በጠመዝማዛው ላይ የመገልበጥ ዕድሉ ይጨምራል። የመረጋጋት መቆጣጠሪያና የጣሪያ ጥንካሬ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልጉት እንዲህ ባለው መልክዓ ምድር ላይ ነው።

ሕዝባችን በበኩሉ የራሱን የደረጃ ምደባ ካወጣ ቆይቷል። አንዱን የጭነት መኪና «ቀይ ሽብር»፣ ሌላውን «አልቃይዳ» ብሎ ሰይሟል። ስሙ ለአሽከርካሪውና ለመኪናው በአንድነት የወጣ ነው። ቀልድ መስሎ የሚነገር ቢሆንም የፍርሃት መዝገብ ነው።

ዕድሜን መለካት፣ ደህንነትን መለካት

መንግሥት ዝም ብሎ ተቀምጧል ማለት ፍትሐዊ አይሆንም። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያረጁ ተሽከርካሪዎች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጥሏል። ምክንያታዊ መነሻ አለው። የኔዘርላንድስ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ጥናት ከዚያ ወደ አፍሪካ ከሚላኩት ያገለገሉ መኪኖች አብዛኞቹ የጸና የቴክኒክ ብቃት ማረጋገጫ እንዳልነበራቸው አሳይቷል። ይሁን እንጂ ታክሱ የሚለካው ዕድሜንና የሞተርን መጠን ነው። ሃርድቦዲውንና ናቫራውን አስታውሱ። በዕድሜ ብቻ የሚለካ ሥርዓት ገዳዩን ተቀብሎ አዳኙን ይመልሳል።

እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ደግሞ ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሏ ተገለጠ። ከዚያ ወዲህ ከቻይና የሚመጡ የኤሌክትሪክ መኪኖች በዝተዋል። ከመካከላቸው ፎልክስዋገን አይዲ.6 ይገኝበታል፤ ይህ መኪና ለቻይና ገበያ ብቻ የተዘጋጀ ነው። ደህንነቱ የጎደለ ነው አላልሁም፤ ቻይና የራሷ ደረጃና የራሷ የግጭት ፈተና አላት። የምለው የቪትዝ ታሪክ በአዲስ መልክ ተመልሷል ነው። ሞተሩ ተለወጠ፤ የሌላ አገር ሕግ ለሌላ አገር መንገድ የመረጠውን መኪና መቀበላችን ግን አልተለወጠም።

በየዓመቱ ቦሎ ለማውጣት የሚደረገው ምርመራ አስፈላጊ ነው፤ የሚመረምረው ግን ያለው ነገር መሥራቱን እንጂ መኖር የሚገባው ነገር መኖሩን አይደለም። ሊብሬ ስንከፍት የሻንሲ ቁጥር፣ የሞተር ቁጥር፣ የተሠራበት ዘመንና የሰው ልክ እናገኛለን። ስለ ኤርባግ ወይም ስለ ግጭት ፈተና የሚናገር ረድፍ የለበትም። መንግሥት ያልመዘገበውን ሊቆጣጠር፣ ተመራማሪም ያልተመዘገበውን ሊያጠና አይችልም።

ስለዚህ ሦስት ነገሮች ይደረጉ እላለሁ። አንደኛ፣ የራሳችንን የፈተና ጣቢያ እስክንሠራ መጠበቅ አያስፈልገንም፤ የታወቀ ዓለም አቀፍ ደረጃ መርጠን መኪናው ያንን ማሟላቱን የሚያሳይ የፋብሪካ ማረጋገጫ በጉምሩክ መጠየቅ እንችላለን። ሁለተኛ፣ የደህንነት መረጃው በተሽከርካሪው መዝገብ ላይ ይስፈር። ሦስተኛ፣ አካል የሚሠሩ ወርክሾፖችን በመዝጋት ፈንታ የወንበርና የቀበቶ ማሰሪያን፣ የጣሪያ ምሶሶን የሚመለከት ግልጽ የአሠራር መመሪያ እናዘጋጅላቸው። ይህ ሦስተኛው የእኛ የዩኒቨርሲቲዎች ሥራ ነው። የአንድን የወንበር ማሰሪያ ጥንካሬ ለመፈተን ሃይድሮሊክ ጃክ፣ የኃይል መለኪያና ትዕግሥት ያለው ተማሪ ይበቃሉ። የምረቃ ጥናት ርእስ የምትፈልጉ የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪዎች ርእሱ መናኸሪያው ውስጥ ቆሞ ይጠብቃችኋል።

ጥያቄና መልስ

ከተማሪዎች አንዷ፦ «መምህር፣ እንግዲህ ያገለገለ መኪና ከአዲስ ይሻላል እያሉን ነው?»

አይደለም። ያገለገለ መኪና ዝገት፣ ያረጀ ፍሬንና የማይታወቅ ታሪክ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ያልሁት ዕድሜ ብቻውን መልስ አይሆንም ነው። ትክክለኛው ጥያቄ «ስንት ዓመቱ ነው?» ከሚለው በፊት «ለየትኛው ገበያ ተሠራ፣ ከዚያስ ወዲህ ምን ተነካበት?» የሚለው ነው።

ከከተማው የመጡ አሽከርካሪ፦ «ሕጉ እስኪስተካከል እኛ በእጃችን ያለውን መኪና ምን እናድርገው?»

ጥያቄዎ ከንግግሬ ሁሉ ይበልጥ አስቸኳይ ነው፤ አመሰግናለሁ። አራት ነገሮችን ይመልከቱ። ቁልፍ ሲከፍቱ የኤርባጉ መብራት በርቶ መጥፋት አለበት፤ ጭራሽ ካልበራ አምፖሉ ተነቅሎ ሊሆን ስለሚችል ያስመርምሩት። የሻንሲ ቁጥሩን ይዘው አምራቹ በከፈተው የጥሪ መፈለጊያ ገጽ ላይ ወይም በወኪሉ ዘንድ መኪናው ለጥሪ የተፈለገ መሆኑን ያጣሩ። የተሳፋሪ ወንበሮቹን አንድ በአንድ በእጅዎ ነቅንቀው ብሎናቸውን ያጥብቁ፤ ከቀጭን ላሜራ ጋር ብቻ የተያያዘ ካገኙ ከሥሩ ወፍራም ብረት ያስደርጉበት። ወደ ዴዴሳ ከመውረድዎ በፊት ደግሞ የጣሪያውን ጭነት ያውርዱ። ቀበቶ ካለ ይታሰር፤ የሌለበትን ወንበር ባለቤቱ እንዲያስገጥም ይጠይቁ። ፋብሪካው የቀነሰውን ሁሉ እርስዎ መመለስ አይችሉም፤ እነዚህ ግን በእጅዎ ናቸው።